«ለማን ነው የመጣው?»

ውድ አንባቢያን! ዛሬ የማጫውታችሁ በቤቴ ውስጥ ስለተጠየቀች አንዲት አጭር ጥያቄ ነው። ይህች ጥያቄ በእናንተም ቤት ተጠይቃ ይሆናልና በጥሞና ተከታተሉኝ።

ቀኑ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ነበር። እዚህ ማንኩሽ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሰማዩ ይጠራል። መግሪብ ሰግደን ጨለም ሲል የአሥር ዓመቷ ልጄ ከግቢ ሮጣ ገባችና «አባ! ፀሐይ ከገባችበት በላይ ጅራት ያለው ኮከብ አለ!» አለችኝ። እናቴ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ተስቢሁን ትቆጥር ነበር። ነገሩን ስትሰማ ጣቷ ቆመ። ፊቷን ወደ በሩ ሳታዞር፣

«ለማን ነው የመጣው?» አለች።

ልጄ ጥያቄው አልገባትም። እኔ ግን ገብቶኛል። እናቴ የጠየቀችው ስለዚያ ምሽት ኮከብ ብቻ አልነበረም። ከ27 ዓመት በፊት ስለተለየን ስለ አባቴም ነበር።

ቤተሰባችን በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደ ፓዌ ከወረዱት አንዱ ነው። በ1989 በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ማታ ማታ በሰሜን ምዕራብ በኩል ጅራቱን እንደ ነጭ መጥረጊያ የዘረጋ ኮከብ ይታይ ነበር። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ሄል ቦፕ ይባላል። አላን ሄልና ቶማስ ቦፕ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐምሌ 1987 ላይ በአንድ ሌሊት፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ ነው ያገኙት። ቦፕ በሙያው የሥነ ፈለክ ሰው አልነበረም። የግንባታ ዕቃ በሚያመርት ድርጅት የሚሠራ፣ የራሱ ቴሌስኮፕ እንኳ ያልነበረው፣ በጓደኛው መሣሪያ ሰማይ የሚያይ ሰው ነበር። ያ ኮከብ ያለ አንዳች መሣሪያ 18 ወር ያህል ታይቷል።

ያኔ በሰፈራችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የሚታወቀው አንድ ነገር ነው፤ ጅራታም ኮከብ ከወጣ ወይ ትልቅ ሰው ይሞታል፣ ወይ ጦር ይመጣል፣ ወይ ረሀብ ይገባል። በሚያዝያ አባቴን ትኩሳት ያዘው። እሱ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱ ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን እያየ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። «ይህ ኮከብ አባወራ ይፈልጋል» አሉ። እናቴም አመነች። ሐኪም ዘንድ እንውሰደው ያለ አንድ ሰው ነበር፤ «ኮከብ የመጣበትን ሰው ምን ሐኪም ይመልሰዋል?» ተባለ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ሲወሰድ ራሱን ስቶ ነበር። በማግሥቱ ወደ አኺራ ሄደ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በሽታው ወባ ነበር። ያ ኮከብ ለምድር እጅግ በቀረበ ጊዜ እንኳ ከ190 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ትንኟ ግን መኝታው አጠገብ ነበረች። ውድ አንባቢያን፣ እኛ ኮከቡን ስንከስ ትንኟ ነፃ ወጣች።

እዚህ ላይ አደራ፣ ንግግሬን አጥርታችሁ ያዙልኝ። የሰው አጀል በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ መሆኑን አልዘነጋሁም። ቀኑ የደረሰ ሰው አንድ ደቂቃ አይጨመርለትም። ነገር ግን ሰበብ እንድናደርስና ስንታመም እንድንታከም ያዘዙን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። በቀደር ማመን አንድ ነገር ነው፤ ሞትን ከኮከብ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ኢማን ሲሆን ሁለተኛው ግን ከጃሂሊያ የተረፈ ጭነት ነው።

ጃሂሊያ ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ኢብኑ ዐባስ ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰሃቦቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳሉ አንድ ኮከብ ተወርውሮ አበራ። በጃሂሊያ ዘመን እንዲህ ያለ ሲታይ ምን ትሉ እንደነበር ንገሩኝ ብለው ጠየቋቸው። ሰሃቦቹም ዛሬ ሌሊት ታላቅ ሰው ተወለደ፣ ወይም ታላቅ ሰው ሞተ እንል ነበር ብለው መለሱ። እርሳቸውም ኮከብ ለማንም ሞት ሆነ ለማንም ሕይወት እንደማይወረወር አስተማሯቸው። እንግዲህ በፓዌ የተባለው ቃል በጃሂሊያ ሰዎች አፍ ከ1400 ዓመት በፊት የነበረ ነው ማለት ነው። መልሱም ያኔውኑ ተሰጥቷል። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ስንቱ ቀረ!

ከዚህም የሚከብደውን ላስታውሳችሁ። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዉ ሁሉ ፀሐይ የጨለመችው ለኢብራሂም ሞት ነው አለ። አስቡት! ልጁን የቀበረ አባት፣ ዓይኑ በእንባ የተሞላ አባት፣ ሰማይ ከእኔ ጋር አለቀሰ ቢል ማን ይቃወመው ነበር? እርሳቸው ግን ተነሥተው ሰዉን አሰገዱ፤ ፀሐይና ጨረቃም ከአላህ ተአምራት ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። በሐዘናቸው መካከል እውነቱን አልለቀቁም።

አንዳንድ አንባቢ ቁርአን ስለሚወረወሩት የእሳት ነበልባሎችና ስለ ሸይጣናት የነገረንስ የት ቀረ ይለኝ ይሆናል። አልቀረም፤ እናምንበታለን። እርሱ የገይብ ጉዳይ ነው፤ በቴሌስኮፕ አይለካም። የሥነ ፈለክ ሰው የሚለካው ዓይን የሚያየውን ውጫዊውን ነገር ነው። ሁለቱ አይጣሉም። የሚጣላው ሦስተኛው ነው፤ በኮከብ የሰውን ዕድል አውቃለሁ የሚለው።

ታዲያ ዓይናችን የሚያየው ምንድን ነው? ጅራታም ኮከብ እንደ ፀሐይ ያለ እውነተኛ ኮከብ አይደለም። በረዶ፣ አቧራና ድንጋይ የተቀላቀለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አካል ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተናል፤ ትነቱና አቧራው ጅራት ይሆናል። ጅራቱም በሩጫ የሚቀር ጭስ አይደለም፤ የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ ስለሚገፋው ከፀሐይ በተቃራኒ ይዘረጋል። በዐረብኛ «ሙዘነብ» ይሉታል፤ ባለ ጅራት ማለት ነው። የእኛም ስም ከዚያው ጋር አንድ ነው።

ጅራታም ኮከብ በሄደበት መንገድ ላይ ብናኝ ይተዋል። ምድራችን በዓመት ዑደቷ በዚያ መንገድ ስታቋርጥ እንደ አሸዋ የደቀቀው ብናኝ ወደ አየራችን ይገባና ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየነደደ ያልቃል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ይህንኑ ነው። ከሰማይ የጎደለ ኮከብ የለም። በማግሥቱ ብትቆጥሯቸው ሁሉም በቦታቸው ናቸው።

ምድርም ያንኑ ስፍራ በየዓመቱ በዚያው ቀን ስለምታልፍ፣ የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ቀን አለው። ሐሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በ1978 ነው፤ የሚመለሰው በ2053 ነው፤ እ.ኤ.አ. 2061 ማለት ነው። ልጄ ዕድሜ ከሰጣት ኢንሻአላህ ታየዋለች። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ብናኙን ግን ጥቅምት 11ና 12፣ ደግሞም ሚያዝያ 27ና 28 ገደማ በየዓመቱ እናገኘዋለን። በኅዳር 8ና 9 የሚመጣው በ33 ዓመት አንድ ጊዜ ከሚዞረው ቴምፕል ተትል ከተባለው ጅራታም ኮከብ የቀረ ነው። የነሐሴ 6ና 7 በዓለም እጅግ የታወቀ ነው፤ ለእኛ ግን ክረምት ስለሆነ ደመና ይሸፍነዋል። ለአገራችን የተመቸው የታኅሣሥ 4ና 5 ነው። ይህኛው ፌተን ከተባለ እንደ ድንጋይ ካለ አካል የመጣ ነው፤ ብናኙም በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር እየበረረ ይገባል። በጨለማና በጠራ ሰማይ በአንድ ሰዓት ከመቶ በላይ ሊታይ ይችላል።

አባቶቻችን ሙስሊሞች ይህን ሁሉ በዓይናቸው ያዩ ነበር። በ289 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ902፣ የሰማይ ከዋክብት እንደ ዝናብ የወረዱበትን ሌሊት ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዓመቱም የከዋክብት ዓመት ተባለ። ነገሩን ከሰሜን አፍሪካው ገዥ ከኢብራሂም ኢብን አህመድ ሞት ጋር ያያያዙትም አሉ። ዛሬ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የኅዳሩ ዝናብ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚያውቁት በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። ልብ በሉ፤ ያዩትን የጻፉት ለዓለም ጠቀመ። ከንጉሥ ሞት ጋር ማያያዛቸው ግን ለማንም አልጠቀመም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ጅራታሙ ኮከብ ከመታየቱ አሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2016፣ እኔና ልጄ በግቢያችን የጠፍር አልጋ አውጥተን ጋቢ ለብሰን ተኛን። የጁማደል ኡላ ወር ማለቂያ ስለነበር ጨረቃ አልነበረችም። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ እየጠቆምን ቆጠርን። 43 ሆኑ። እናቴ ግን ከቤት አልወጣችም። በየመካከሉ «ልጅቷን አስገባት፣ ብርድ ይመታታል» ትለኝ ነበር። ብርዱን እንዳልፈራችው አውቃለሁ።

ጠዋት ልጄ ደስ ብሏት «እማማ፣ እኔና አባ ትናንት ኮከብ ስንቆጥር አመሸን!» አለቻት። እናቴ ደነገጠች። «ኮከብ ቆጠራማ ሐራም ነው!» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ቆይታ እሷም ሳቀች። እውነቷን ነው፤ የሰውን ዕጣ ለመንገር ኮከብ የሚቆጥረው ሐራም ላይ ነው። እኛ ግን የቆጠርነው የወረደውን ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«ስንት ወደቀ?»

«43፣ እማማ።»

«ዛሬ ስንት ቤት ለቅሶ አለ?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። በዚያን ዕለት በማንኩሽ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት አልሰማንም። እናቴ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ስታስብ ዋለች።

የጥቅምት 4ቱ ምሽት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ተወርዋሪው ቀላል ነበር፤ ጅራታሙ ግን ባሏን የወሰደ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩና የኢብራሂምን ታሪክ ነገርኳት። ከልጅነቷ የምታውቀው ታሪክ ነበር። ለራሷ ኑሮ አድርጋ ያሰበችው ግን ያኔ ይመስለኛል። ጥቂት ቆይታ ክንዴን ይዛ ተነሣች። ወደ ደጅ ወጣን።

ዙህራ ወይም ቬነስ የምንላት ኮከብ በምዕራብ ዝቅ ብላ ታበራ ነበር። ከእርሷ በስተቀኝ ኮከቡ አለ፤ ጅራቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። በቻይናና በደቡብ አፍሪካ ያሉ የሰማይ መመልከቻዎች በ2015 ያገኙት፣ ለምድር እጅግ በቀረበ ጊዜ 70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ጅራታም ኮከብ ነው። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው። በመጨረሻም፣

«ያኛው ይበልጥ ነበር» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ 27 ዓመት ሙሉ ያንን ኮከብ ስታነሣ እንደ ገዳይ ነበር የምታነሣው። ያን ምሽት ግን መጠኑን ከመጠን አነጻጸረች። ደስ አለኝ፤ አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣

«ታዲያ ወባው ብቻ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ሦስት ቀን…» አለችና ቃሏን ሳትጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች።

ያኔ ነው ያልገባኝ የገባኝ። ለካ ኮከቡ ለእናቴ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ መሸሸጊያዋም ነበር። ኮከቡ ከወሰደው ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር፤ ወባ ከወሰደው ግን ሦስቱ ቀናት አሉ። እኔ ኮከቡን ከላይዋ ሳነሣ እነዚያን ሦስት ቀናት ነበር ያሸከምኳት። እውነትን መናገር ብቻ እንደማይበቃ፣ እውነቱን የሰማውን ሰው መደገፍም እንደሚያስፈልግ ያን ዕለት ተማርኩ።

ምን ልበላት? ያልከፋ ነገር ሆነ ብዬ አልዋሽም። «እማዬ፣ አላወቅሽም ነበር። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። አጀሉም የእርሱ ነው። ያኔ በዚያ ሰፈር ያውቅ የነበረ ሰው ማን ነበር?» አልኳት። ልጄ በትንሽ እጇ የእናቴን እጅ ያዘች። እናቴም «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» እያለች ለአባቴ ዱዓ አደረገች። ዒሻ እስኪደርስ እዚያው ቆየን። ኮከቡ ወደ አድማስ ወረደ። በማንኩሽም በዓለምም የሞተው ሞተ፣ የተወለደው ተወለደ፤ ኮከቡ ከአንዱም ጉዳይ አልነበረውም።

ውድ አንባቢያን! ይህን የጻፍኩት በየቤታችሁ ያለችውን ያቺን ጥያቄ ልጆቻችሁ እንዳይወርሷት ነው። ልጅ ከአያቱ ብዙ መልካም ነገር ይወርሳል፤ ይህን ግን አይውረስ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደጅ ውጡ። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በእንጦጦ ተራራ ላይ አገራችን ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሏት፤ ለተወርዋሪ ኮከብ ግን ዓይን ከእነርሱ ይሻላል፤ ሰማዩን በሙሉ ያያልና። መብራት የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። በጀርባችሁ ተኙ። ስልካችሁን ዝጉ፤ አንዴ ብልጭ ካለ ዓይናችሁ እንደገና ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። የታኅሣሡ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይታያል፤ የሚበረታው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ለተሀጁድ የሚነሣ ሰው ሁለቱንም ያገኛል።

አንድ ምስጢርም ልንገራችሁ። ለዚህ ነገር ሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች ያስፈልጋሉ። ቀኑን የሚነግራችሁ የፀሐዩ ነው፤ ታኅሣሥ 4 ሁልጊዜ ያው ነው፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ጨለማውን የሚነግራችሁ ግን የሂጅራው ነው። ያ ሌሊት በዐረብኛው ወር መግቢያ ወይም ማለቂያ ላይ ከዋለ ሰማዩ የእናንተ ነው። በ14 ወይም በ15 ላይ ከዋለ ጨረቃዋ ደካማዎቹን ታጠፋቸዋለች። በታኅሣሥ 2017 እንዲህ ሆኖብን በአንድ ሰዓት ከዘጠኝ በላይ አላየንም። አላህ ፀሐይንና ጨረቃን ለሒሳብ አደረጋቸው ሲባል እንሰማ ነበር፤ በግቢያችን አልጋ ላይ ሆነን ትርጉሙን ትንሽ ቀመስነው።

አሁን በቤታችን ሰማይ ልናይ ስንነሣ እናቴ ቀድማ ትወጣለች። እኛ አልጋ ስናወጣ እሷ ሌላ ሥራ አላት። በቤት ውስጥ የሁላችንንም አጎበር እየዞረች ትፈትሻለች፤ ጫፉን ፍራሽ ሥር ትወሽቃለች፤ የተቀደደ ካለ እዚያው ትሰፋዋለች። ከዚያ ወጥታ አጠገባችን ትቀመጥና ልጄን፣

«በይ፣ ቁጠሪ» ትላታለች።

አላህ በፍጥረቱ ከሚያስተነትኑት፣ ሰበብን ከሚያደርሱትና በእርሱ ላይ ብቻ ከሚመኩት ያድርገን። አሚን።